ሁለት እናት ያላት አክስቴ

አክስቴ የአያቴ የአብራክ ክፋይ አለመሆኗን ያወቅሁት ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። የደበቀን ሰው ኖሮ አይደለም። በየፋሲካው «እናቴ ዘንድ» ብላ አገር ቤት ስትወርድ ስንቋን የምትቋጥርላት አያቴ ራሷ ነበረች፤ እኛ ልጆቹ ነን ልብ ያላልነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በሕግ መጽሐፋችን የጻፍነው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል እኮ የኦሮሞ ነው፤ ለራስ ወስዶ ማሳደግ ማለት ነው። በአማራውም ዘንድ «የጡት ልጅ» አለ፤ ማር የተቀባ ጣት ይጠባል፣ ዝምድናው ይታሰራል። መኳንንቱማ ጢም ያበቀለውንም ሰው በዚሁ ልጅ ያደርጉት ነበር፤ ማሩ ለፖለቲካም ይበጅ ነበርና።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ወደ ወረቀት አመጣው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁም ከ18 በታች ይሁን፣ ፍርድ ቤት ያጽድቀው አለ። ልጁ ከወለዱት ዘመዶቹ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም ይላል። አክስቴን አይቶ የጻፈው ይመስላል።

ለውጭ አገር ሰዎች የተሰጡትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ግን ይህ አንቀጽ አውሮፕላን ተሳፍሮ አልተከተላቸውም። ከወላጆቻቸው መካከል «ተምሮ ይመጣልኛል» ብለው የፈረሙ ነበሩ። ፓርላማው በ2010 ዓ.ም. ያንን በር ሲዘጋ ዜናውን የሰማሁት ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብዬ ነው።

«የሄዱትስ?» አለችኝ።