ቻቱራንጋ

ቻቱራንጋ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ምእት ዓመት ገደማ በሰሜን ሕንድ እንደ ተጀመረ የሚታመን፣ ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ ጥንተ መሠረት ነው። ስሙ በሳንስክሪት «አራት ክፍል ያለው» ማለት ሲሆን፣ ይኸውም የሕንድ ነገሥታት ሠራዊት በእግረኛ፣ በፈረሰኛ፣ በዝሆንና በሠረገላ ተከፍሎ ይሰለፍ ስለ ነበረ ነው። አሽታፓዳ የተባለው ገበታ 64 ቤት ቢኖረውም፣ እንደ አሁኑ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቁበትም ነበር። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመውም ንግሥት ሳትሆን አማካሪው፣ ማንትሪ፣ ነበረ፤ እርሱም በሰያፍ ከአንድ ቤት በላይ የማይራመድ ደካማ ሹም ነበርና፣ ዛሬ በገበታው ላይ ያለ ከልካይ የምትመላለሰው ንግሥት የእርሱ ወራሽ መሆኗን ማመን ያዳግታል። የዝሆኑ ዕጣ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል፤ ጨዋታው ወደ ፋርስ ተሻግሮ ቻትራንግ፣ በዐረቦችም አፍ ሻትራንጅ በተባለ ጊዜ፣ ዝሆኑ በሰያፍ አንዱን ቤት ዘሎ በሁለተኛው ላይ የሚያርፍ ስለ ነበረ፣ ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ሲረግጥ ይኖር ነበር፤ በኋላም በእንግሊዞች ዘንድ ቆብ ደፍቶ ጳጳስ ሆነ። በአገራችን ሰንጠረዥ የሚባለው ጨዋታ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ከሻትራንጅ ነው፤ በእርሱም ዝሆኑ በዐረብኛ ስሙ ፊል መባሉን አልተወም።