ከሚስክ እስከ ዝባድ፦ የመዓዛችን ታሪክና አማናው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ጁሙዓ ዕለት ከአንዋር መስጂድ ስትወጡ ሲዋክ፣ ኮፍያ፣ መስገጃና ተስቢሕ ከሚሸጡት ወንድሞች መካከል ትናንሽ ጠርሙሶች ደርድረው የሚጠብቁ ሽቶ ሻጮች ታገኛላችሁ። ሻጩ አንዱን ጠርሙስ ይከፍትና የእጃችሁን ጀርባ ነካ አድርጎ «ይህ ሚስክ ነው፤ ይህ ዑድ ነው፤ ይህ ዐንበር ነው» ይላችኋል። እኛም አሽትተን፣ በዋጋው ተከራክረን እንገዛለን። ስማቸውን እንጂ ከየት እንደመጡ ግን አንጠይቅም።

እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። በቅርብ ዓመታት ከሐጅ የተመለሱና ከዓረብ አገር የመጡ ወዳጆች የሰጡኝ ዘይት ሽቶዎች በቤቴ ተጠራቀሙ። አንድ ጁሙዓ አንዱን፣ በሌላው ጁሙዓ ሌላውን እየተቀባሁ፣ ስለ እያንዳንዱ ሳነብና አዋቂዎችን ስጠይቅ ቆየሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያንን ነው። ነገሩ በመጨረሻ ያላሰብኩት ቦታ፣ እትብቴ ወደ ተቀበረበት ወደ ሊሙ ነው የወሰደኝ።

ሽቶ በሱና

ሽቶ ለሙስሊም የቅንጦት ነገር ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) አስተላልፈው ቡኻሪ ዘግበውታል። ከዚህች ዱንያ እንዲወዱ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ሽቶ መሆኑንም ነሳኢ ዘግበዋል፤ የዓይናቸው መርጊያ ግን ሰላት ነበር። ለጁሙዓ ገላን ታጥቦ፣ በቤት የተገኘውን ሽቶ ተቀብቶ መሄድ ያለውን ምንዳ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) አስተላልፈውልናል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሕራም በፊት በገዛ እጃቸው ሽቶ ይቀቧቸው ነበር። እህቶቻችን በቤታቸውና ለባላቸው መቀባታቸው የተወደደ ሲሆን፣ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን መዓዛው ባዕድ ወንዶችን እንዳይስብ መጠንቀቅ እንዳለባቸው በሐዲስ ተነግሯል።

ሚስክ

መጀመሪያ የተቀባሁት በላዩ «ነጭ ሚስክ» ተብሎ የተጻፈበትን ነው። መዓዛው በፀሐይ የደረቀ ንጹሕ ልብስና ሳሙናን ያስታውሳል፤ ቀላል ነው፣ ማንንም አያስቸግርም። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ይህ ከእንስሳ የተገኘ ሚስክ አይደለም። አልበርት ባውር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1888 (እ.ኤ.አ) ሰው ሠራሽ ሚስክ ካገኘ ወዲህ፣ በየገበያው የምናየው አብዛኛው ሚስክ የፋብሪካ ነው። ፋብሪካ የሠራው መሆኑ ነውር የለውም። ነውሩ ሻጩ «የአጋዘን ነው» ብሎ በአላህ ሲምል ነው።

እውነተኛው ሚስክ በሂማላያና በቲቤት ተራሮች ከሚኖር አነስተኛ የአጋዘን ዝርያ፣ ከወንዱ ሆድ ሥር ካለ ከረጢት የሚወጣ ነው። ከአንድ ወንድ የሚገኘው ወደ 25 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ወደ 40 የሚሆኑ እንስሳት ያስፈልጋሉ። በጥንት ጊዜ ከሕንድ የሚመጣው ሚስክ በዓረቢያ ምሥራቅ ዳርቻ በዳሪን ወደብ በኩል ይገባ ስለነበር፣ ዓረቦች ሽቶ ነጋዴን «ዳሪይ» እስከማለት ደርሰው ነበር። የጀነት መጠጥ ማሸጊያው ሚስክ እንደሆነ በሱረቱል ሙጠፊፊን ሲነገራቸው የመካ ሰዎች ምን ያህል ውድ ነገር እየተጠቀሰ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

አንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴ የስንዴ ፍሬ የምታህል እውነተኛ ሚስክ አሽትተውኛል። መጀመሪያ በረት በረት ሸተተኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሞቅ ያለ፣ የሚያረጋጋ ሽታ ሆነ፤ ሸማዬ ጫፍ ላይ ለቀናት ሳይጠፋ ቆየ።

ስለ ሚስክ ሲነሳ የኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ታሪክ አይዘነጋም። እርሳቸው ከ99 እስከ 101 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋ ነበሩ። የሙስሊሞች ገንዘብ የሆነ ሚስክ ከፊታቸው ሲመዘን አፍንጫቸውን እንደያዙ ይነገራል። ለምን ሲባሉ፣ ከሚስክ ጥቅሙ ሽታው ሌላ ምን አለ የሚል መልስ ሰጡ። ውድ አንባቢያን፣ ሽታ እንኳ የሰው ሐቅ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዐንበር

ዐንበርን የተቀባሁት በረመዳን ለተራዊሕ ነበር። የባሕር ጨው፣ ያረጀ እንጨትና ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ሽታ ነው። የሚገኘው ከትልቁ ዓሣ ነባሪ አንጀት ሲሆን፣ በባሕር ላይ ለዓመታት ተንሳፎ ወደ ዳርቻ ይጣላል። በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) የተመሩ 300 ሰሐቦች በባሕር ዳርቻ ስንቃቸው አልቆ ተምር በፍሬ ሲከፋፈሉ፣ አላህ (ሱ.ወ) ዐንበር የተባለ ግዙፍ የባሕር እንስሳ ከባሕር እንዳወጣላቸው ጃቢር (ረ.ዐ) ተርከዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። በዚያ ሌሊት ሽታው ከእጄ ሲወጣ የማስበው ሽቶውን ሳይሆን፣ አንዲት ተምር እየመጠጡ በአላህ መንገድ የተጓዙትን ሰዎች ነበር።

ዑድ

ዑድ ብዙ ሰው የሚመኘው ነው። በሕንድ አሳምና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚበቅል ዛፍ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት፣ ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። መዓዛው ያለው በዚያ በታመመው ክፍል ነው፤ ጤነኛው እንጨት ነጭ ሲሆን እምብዛም ሽታ የለውም። ሰዎች ዛፉን ያለ ልክ ስለቆረጡት ከ1995 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የዋናው ዝርያ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል።

የሕንድ ዑድ ሲሰጠኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወደ መድረሳ ስሄድ አንገቴን፣ እጄንና ልብሴን አዳርሼ ተቀባሁ። የሕንድ ዑድ መጀመሪያ ላይ የከብት በረት ዓይነት ከባድ ሽታ አለው፤ ማር ማር የሚለው ከሰዓታት በኋላ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነበርና ከፊት የተቀመጠ አንድ ደረቱን የሚያመው ልጅ ማሳል ጀመረ። አፍሮ ምንም አላለኝም። እናቱ ሊወስዱት ሲመጡ «ኡስታዝ፣ ሽቶው ነው መሰለኝ» አሉኝ በትሕትና። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ የሚያዘውን ሐዲስ ለልጆቹ ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ። ምክንያቱ በሽታው ሌሎችን እንዳያስቸግር ነው። ለእኔ የጣፈጠኝ ለሌላው ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ትምህርቱ ለእኔም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ዑድ ስቀባ ጠብታ እንኳ አልሞላም።

ጽጌረዳ

ከጣኢፍ የመጣው የጽጌረዳ ዘይት በቤተሰቤ ሁሉ የተወደደው ነው። አበባው በጸደይ ወራት ፀሐይ ሳይሞቅ ማለዳ ይለቀማል። አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት 3,000 ኪሎና ከዚያ በላይ አበባ ስለሚፈጅ በቶላ ነው የሚሸጠው፤ አንድ ቶላ 12 ግራም እንኳ አይሞላም። ካዕባ በሚታጠብበት ጊዜ ከዘምዘም ጋር የሚቀላቀለው የጽጌረዳ ውሃ ነው።

የማንጠር ጥበብ ከእስልምና በፊትም ቢኖር፣ የሙስሊም ሊቃውንት አስፋፍተውታል። በሦስተኛው ምዕተ ዓመተ ሂጅራ በባግዳድ የኖሩት አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪና ስለ ማንጠር በጻፉት ኪታብ ከመቶ በላይ አሠራሮችን መዝግበዋል። በሕንድ የሙጋል ንጉሥ ጃሃንጊር ደግሞ የጽጌረዳ ዒጥርን ያገኙት የባለቤታቸው የኑር ጃሃን እናት መሆናቸውን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። እንግዲህ የሽቶ ታሪክ የእናቶቻችንም ታሪክ ነው።

ዝባድ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ካሉኝ ጠርሙሶች የመጨረሻው ዝባድ የገባበት ቅልቅል ነበር። ክዳኑን ስከፍት ሌሎቹን ሽቶዎች ሳሸት ያልደረሰብኝ ደረሰብኝ፤ የአያቴ ቤት መጣብኝ።

ዝባድ ጥርኝ ከተባለው የዱር እንስሳ የሚወጣ ቅባት ነው። ዓረቦች «ዘባድ» ይሉታል፤ ፈረንጆች ለእንስሳው የሰጡት «ሲቬት» የሚለው ስምም ከዚሁ የዓረብኛ ቃል የወጣ ነው። ዝባድ ለብቻው ሲሸተት አፍንጫ የሚያስይዝ ነው። ከሌላ ዘይት ጋር በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን ሌላውን መዓዛ ያሞቃል፣ በገላም ላይ ያቆየዋል።

የሊሙ ኢናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 (እ.ኤ.አ) ሲገዙ፣ የሳቃ ገበያ የጊቤ አገሮች የንግድ ማዕከል ነበር። ጀበርቲ ነጋዴዎች ዝባዱን በከብት ቀንድ አሽገው በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱት ነበር፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። እነዚሁ ነጋዴዎች ዝባድ ይዘው ሲሄዱ ኪታብና ዓሊም ይዘው ይመለሱ ነበር። በጊቤ እስልምና እንዲስፋፋ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ንግድ ነው። በአካባቢያችን ጥርኝ የሚያረቡት አብዛኞቹ ሙስሊም ቤተሰቦች የሆኑትም በዚሁ የተነሳ ነው።

አያቴም አርቢ ነበሩ። ጥርኙ ከዓይን ይጠበቅ ተብሎ እንግዳ አያየውም፤ እኔ ልጅ ስለሆንኩ ግን እገባ ነበር። ከእንጨት የተሠራ፣ ዞሮ መቆም የማያስችል ጠባብ ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ስለሚባል ቤቱ ውስጥ እሳት አይጠፋም፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይመገባል፤ ለልጆች ያልተገኘ ወተት ለእርሱ ይገኛል። በዘጠኝ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ አንዱ ጅራቱን፣ ሌላው እግሩን ይይዝና ዝባዱ በቀንድ ማንኪያ ይጠረጋል። የሚጮኸውን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ውድ አንባቢያን፣ ድመት አስራ፣ ሳታበላ፣ ራሷም ከምድር ነፍሳት እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ በመግደሏ ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አስተላልፈው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አያቴ ጥርኙን አስርበውት አያውቁም፤ ከዚህች ሴት ጋር አላስተካክላቸውም። ነገር ግን ሐዲሱን ለልጆች ባስተማርኩ ቁጥር ያች ጠባብ ጎጆ ትመጣብኛለች።

የዝባድ ንጽሕና ላይ ጥያቄ የለኝም። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለሞች ዝባድ ጧሂር መሆኑን፣ ከእንስሳው ፀጉር እንዳይቀላቀል ብቻ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ገልጸዋል። ጥያቄዬ ስለ አያያዙ ነው። ሩዚችካ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1926 (እ.ኤ.አ) የዝባድን ዋና መዓዛ ሰጪ ነገር ምንነት ለይቶ አወቀ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ መዓዛው በፋብሪካ ይሠራል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ጀምሮ የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅቶች ስለ አያያዙ ከተናገሩ ወዲህ ትላልቅ የሽቶ ድርጅቶች ወደ ሰው ሠራሹ ዞረዋል።

አንዳንዱ «እንግዲያው ይቅር» ይል ይሆናል። ለእኔ እንደዚያ ማለት ቀላል አይደለም። የቀራሁበት ሉሕና ቀለም፣ ለሸይኼ የተሰጠው እህል፣ ኋላም ወደ ከተማ የመጣሁበት የመኪና ሒሳብ በዝባድ ብር ነው የተከፈለው። ቁርኣንን በደረቴ የያዝኩት ያ እንስሳ በጭስ ውስጥ ቆሞ ነው። ይህን አልክድም፤ አያቴንም አልወቅስም፤ አላህ ይዘንላቸው። እርሳቸው ያገኙትን መንገድ ሄዱ። እኔ ግን አውቄአለሁና እንደማያውቅ ልሆን አልችልም።

ስለዚህ ባለፈው ዒድ ወደ አገር ቤት ስሄድ ሥራውን ከአያቴ ለወረሱት ለአጎቴ ነገሩን አነሳሁ። «ጎጆው ይስፋ፤ ጭሱ ይቀነስ፤ ዝባድ መስጠት ያቆመው ወደ ዱር ይለቀቅ» አልኳቸው። አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝና «ለሰፊ ጎጆ የሚሆነውን እንጨት ማን ይገዛል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። በከተማ በጠብታ የሚሸጠውን ሽቶ የምንቀባው እኛ ነን፤ ድርሻችንንም መክፈል ያለብን እኛው ነን። የሁለት ጎጆ እንጨት ገዝቼ ተመለስኩ። ብዙ አይደለም።

መደምደሚያ

ኸሊፋ ዑመር ከሚስኩ አፍንጫቸውን የያዙት በሽታው ውስጥ የሰው ሐቅ ስላለበት ነበር። በእኛ ሽቶ ውስጥስ የማን ሐቅ አለ? የጫካው? የእንስሳው? የአርቢው? አጠገባችን የሚሰግደው ደረቱን የሚያመው ልጅ? ስትገዙ ሻጩን ጠይቁ፤ ሻጮችም የፋብሪካውን ፋብሪካ፣ የተፈጥሮውን የተፈጥሮ በሉ። ስትቀቡ ለወንድማችሁ አስቡ። ለልጆቻችሁም ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ጭምር አሳዩአቸው።

መልካም ጓደኛ እንደ ሚስክ ተሸካሚ መሆኑን፣ ሳይሰጠን ወይም ሳንገዛው እንኳ መልካሙ ሽታ እንደሚደርሰን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። አላህ (ሱ.ወ) ልብሳችን የሚሸተውን ያህል ግብራችንም የሚሸት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።