ቫስኩላር ፓርኪንሰኒዝም
ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲጠብቡ ወይም ሲደፈኑ የሚመጣ፣ የፓርኪንሰን በሽታን የሚመስል የእንቅስቃሴ ችግር ነው። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ማክዶናልድ ክሪችሊ እ.ኤ.አ. በ1929 በዝርዝር ጽፈውበታል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ከወገብ በታች ነው። ታማሚው እጁን እንደ ልቡ እያወዛወዘ ሊራመድ ይችላል፤ እግሩ ግን ከመሬት አልላቀቅ ይላል፣ እርምጃው ያጥራል፣ በር ላይ ሲደርስ ወይም ልዙር ሲል ድርቅ ብሎ ይቀራል። በፓርኪንሰን የተለመደው፣ እጅ ሲያርፍ የሚመጣው መንቀጥቀጥ እዚህ ብዙም አይታይም።

በኤምአርአይ ምርመራ የቆዩ ጥቃቅን የስትሮክ ጠባሳዎች ይገኛሉ። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት አንዳንዶችን ቢረዳም አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞች የደም ግፊትንና ስኳርን በመቆጣጠር፣ ሲጋራ በማስቆምና በፊዚዮቴራፒ ላይ ያተኩራሉ።

ቫስኩላር ፓርኪንሰኒዝምና የፓርኪንሰን በሽታ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ።