የሚበረው ጥላሸት

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ሎንዶንን 5 ቀን ያፈናት የከሰል ጭስ በመጀመሪያው ግምት 4,000 ያህል ሰው ፈጀ። ጥላሸቱ ያኔ የሚለካው አየሩ በወረቀት ተጣርቶ፣ በወረቀቱ ጥቁረት ነበር። ቅርጹስ? ሳንባ ውስጥ የት እንደሚያርፍ፣ የፀሐይ ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ከሚወስኑት አንዱ እሱ ነዋ! የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቶ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አሳይቷል፤ ግን ዕቃ ላይ ተለጥፎ። ይኼ እንግዲህ የተኛ ሰው አይቶ አረማመዱን አወቅሁ እንደማለት ነው። በ2012 የታተመው የስታንፎርድ የኤክስሬይ ሌዘር ሙከራ ግን ቅንጣቷን ሳታርፍ፣ እየበረረች አገኛት። ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ ነው፤ ቅንጣቷን ያፈነዳታል። የተበተነው ጨረር ግን ከመፈንዳቷ በፊት የነበራትን መልክ ይዞ ያመልጣል፤ ቅርጿም ከዚያ በሒሳብ ይወጣል።