ከወፎቹ በፊት የተነሳው ፕሮፌሰር

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሰርቨራችን ሞላና ያረጁ ሎጎችን ጠራርጌ አጠፋሁ። ማን ያያቸዋል ብዬ። ከወር በኋላ አንድ ስህተት መቼ እንደጀመረ ስንፈልግ መልሱ ያጠፋሁት ውስጥ ነበር። የአልዶ ሊዮፖልድን ታሪክ ሳነብ ይኼው ነገር ትዝ አለኝ።

ሊዮፖልድ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከዬል ዩኒቨርሲቲ በደን ሙያ በማስተርስ ተመርቆ አሪዞና ደን ውስጥ የመንግሥት ሥራ ያዘ። ያኔ ለአዳኞች አጋዘን እንዲበዛ ከተፈለገ ተኩላን መጨረስ ነው ይባል ነበር። እሱም ተኮሰ። ኋላ ግን ተኩላ የጠፋበት ተራራ በአጋዘን ተግጦ ሲራቆት አየ፤ በ1944 በጻፈው ድርሰት ያኔ መሳሳቱን አመነ። ሙያውን ራሱ ያቋቋመ ሰው ይህን ማለቱ ቀላል አይደለም።

አዎ፣ ሙያውን ያቋቋመው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በ1933 የዱር እንስሳት አያያዝ መማሪያ መጽሐፉን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው። እኔን የያዘኝ ግን መጽሐፉ ሳይሆን የንጋት ማስታወሻው ነው። በ1935 አንድ የተራቆተ እርሻ ገዛ፤ የዶሮ ቤት የነበረችውን ጎጆ ለቤተሰቡ ማረፊያ አደረጋት። ገና ሳይነጋ ቡናውን ይዞ ደጅ ይቀመጣል። የትኛው ወፍ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ብርሃን ማዜም እንደጀመረ በመለኪያ እየለካ ይጽፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለምን ይጠቅማል ብትሉት ምን እንደሚመልስ እንጃ!

በ1948 የጎረቤት እሳት ሊያጠፋ ወጥቶ በልብ ድካም ሞተ። ስለ ንጋት ዜማና ብርሃን የሰበሰበው መረጃ በጥናት መልክ የታተመው ገና በ1961 ነው። ተማሪው ጆሴፍ ሂኪ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ፤ ዲዲቲ የአዳኝ ወፎችን የእንቁላል ቅርፊት ማሳሳቱን ከባልደረባው ጋር ያሳየው በየሙዚየሙ የተቀመጡ የድሮ እንቁላሎችን ለክቶ ነው። እነዚያንም የሰበሰቧቸው ሰዎች ስለ ዲዲቲ አያውቁም ነበር።

የሊዮፖልድን የፕሮፌሰርነት ቦታ ለ32 ዓመት የያዘው ስታንሊ ቴምፕል ደግሞ በ2012 ከክሪስ ቦካስት ጋር ማስታወሻውን አወጣ። የድምፅ ቅጂ የለም፤ ያለው ጽሑፍ ብቻ። የየወፉን ድምፅ ፈልገው በማስታወሻው ቅደም ተከተል ደረደሩትና የ1940ን አንድ ንጋት መልሰው ሠሩት።

ዛሬ እዚያ ጎጆ ደጃፍ ብትቀመጡ ከወፎቹ ዜማ ጋር የአውራ ጎዳናው የመኪና ድምፅ ይሰማችኋል። እሱ ጽሑፍ ውስጥ መኪና የለም።