የምን ዕዳ ነው?

በ1966 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የመጨረሻ ዓመት የነርስ ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የጠቅላይ ግዛት ሆስፒታል ለልምምድ ተመድቤ ነበር። አንድ ማታ አንጀታቸው ታጥፎ ሆዳቸው እንደ ከበሮ የተነፋ ባልቴት በቃሬዛ መጡ። ዶክተሩ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ለኦፕሬሽን አዘጋጇቸው» አሉና ወጡ። ማዘጋጀት ማለት ልብስ መቀየር፣ ግሉኮስ መትከል፣ ከዚያ ማስፈረም ነው። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እማማ አማርኛውንም ማንበብ አይችሉም። የማኅተም ቀለሙን አምጥቼ አውራ ጣታቸውን ስይዝ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉና፦

«ልጄ፣ ደግሞ የምን ዕዳ ነው?» አሉኝ።

ጢሰኛ ነበሩ። ጣታቸው ቀለም የነካው ባለመሬቱ ብድር ሲጽፍባቸው ብቻ ነው። «ዕዳ አይደለም እማማ፣ ለመዳንዎ ነው» አልኩና ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ጫን አደረግሁት። ድነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከሆዳቸው ምን ያህል አንጀት እንደተቆረጠ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ያን ጊዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ 14 ዓመት ሆኖታል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ ግዴታ የሆነ ክትባትና የመሳሰለው ብቻ ሲቀር። እማማ እጃቸውን የሰበሰቡት ሕጉ በሰጣቸው መብት ነበር። ይህን እሳቸው አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። የአጥንቱን ስም ሁሉ በቃላችን ስንወጣ፣ አንቀጽ 20ን ያነበበልን አስተማሪ አልነበረም።

ነገሩ ሙያው ወደ አገራችን ከገባበት መንገድ ይጀምራል። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኛ አከሙ፤ ቆይቶም የምኒልክ ሆስፒታል ተተከለ። ከፈረንጅ ሐኪም ጎን የሚቆመው ረዳት ሥራውን የሚማረው እያየ ነበር። ድሬሰር የምንለው ሰው የመጣው ከዚህ ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይቀቅላል፣ ይወጋል፣ ገጠር ሲወርድ ደግሞ ሕዝቡ «ዶክተር» ይለዋል። ድሬሰር የተማረው መታዘዝን ነበር።

ከዚያ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ መጣች። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ፣ ከነፃነት በኋላ አገሯ ገብታ፣ በ1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፈች። አባቴ እኔን ነርስ ቤት ሲያስገባኝ ዘመድ ሁሉ «ሴት ልጅህ የሰው ፖፖ ልታነሳ ነው?» ብሎት ነበር። «የንጉሥ ልጅ አንስታ የለ!» አለና ዘጋው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በቀይ መስቀልና በልዕልቲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተጨመረ።

ቆብ ስንደፋ ሻማ ይዘን የናይቲንጌልን መሐላ ምለናል። መሐላው እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ የተጻፈ ነው። በውስጡ የበሽተኛን ምስጢር መጠበቅ አለ፤ ሐኪሙን በታማኝነት ማገዝም አለ። በዎርድ ውስጥ የሚታወሰን ሁለተኛው ነበር። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብም የሐኪም ትእዛዝን በታማኝነት መፈጸምን ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሻሻል ግን የነርስ ቀዳሚ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚሻው ሰው ነው አለ። እኔ የእማማን ጣት የያዝኩት ይህ ከተጻፈ በዓመቱ ነው። ወሬው እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም።

ስለ ምስጢር የገባኝ ኤች አይ ቪ ሲመጣ ነው። በአንድ የሠራሁበት ሆስፒታል፣ ቫይረሱ ያለባቸው በሽተኞች ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግ ነበር፤ «ለእኛ ጥንቃቄ» እየተባለ። ካርዱ በካርድ ክፍል፣ በጽዳት ሠራተኛ፣ በአስታማሚ እጅ ያልፋል። በሳምንት ውስጥ የቀዩን ትርጉም ዎርዱ ሁሉ ዐወቀው። የአንዲት ልጅ ጎረቤት ልትጠይቃት መጥታ ካርዱን አልጋው ጫፍ ላይ አየች፤ ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የጠየቀ የሰፈር ሰው አልነበረም። ማንም አልተከሰሰም። ምስጢር ማውጣት ግን ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ ያስቀጣ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሲደርሰን መነጽሬን አድርጌ ራሴን ፈለግሁበት። አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጡትን ሲዘረዝር ነርስን በስም ይጠራል። 537 ደግሞ ብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም የሚለውን ሲቀጣ ነርስን ከሐኪሙ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጣል። በቸልተኝነት ሰው ቢሞት፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጮ አለበት፤ አንቀጽ 543 ነው። «ዶክተር አዞኝ ነው» ብቻውን መጠለያ እንደማይሆን ያን ቀን ገባኝ። ቆይቶም ደንብ ቁጥር 299/2006 በሽተኛው ተረድቶ ሳይስማማ ሕክምና እንዳይሰጥ አዘዘ። የተረዳ ሰው ነው የሚስማማው፤ ጣቱ የተያዘ ሰው አይደለም።

አምና የዓይን ሞራ ልገፈፍ ሆስፒታል ገባሁ። አንድ ወጣት ነርስ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለኝ።

«አንብብልኝ፤ ዓይኔ አያይም» አልኩት።

ማንበብ ጀመረ፤ አማርኛ ነበር። ሊደርስ ስለሚችል ጉዳት የሚናገረው መስመር ላይ ሲደርስ፣ «ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ?» አልኩት። ዝም አለ። «እኔም በደንብ አላውቀውም» አለኝ፤ ደስ አለኝ። ዶክተሯን ጠይቆ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ተመልሶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና አንድ በአንድ አስረዳኝ።

ያን ጊዜ ፈረምኩ።