እሳቱን ማን ያዝዘዋል? የሉማሜ ቤቶች የሙቀት ታሪክ

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት፤ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ። አገሩ ደጋ ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወዲያው ይገባል። በስልክ የሚታዘዘው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ስማርት ቴርሞስታት የሚባለው ዕቃ፣ እዚህ ምን ሥራ ይኖረዋል? ይህን ለመመለስ ቤቶቹ ድሮ እንዴት ይሞቁ እንደነበር ማየት ይበጃል።

የቀድሞው የጎጃም ባላገር ቤት ሙቀት እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ጭድ ተቀላቅሎበት የተመረገው የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። የሳር ክዳኑ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ በጣሪያ በኩል ቶሎ አያመልጥም። በብዙ ቤት ከብቶቹም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበርና ትንፋሻቸው ራሱ ቤቱን ያሞቀው ነበር። የምድጃው ጭስ በሳሩ ውስጥ እየሰረገ ሲወጣ እንጨቱን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ነቀዝም ያርቃል። የዚህ ዋጋ ግን በእናቶች ዓይንና ሳንባ ተከፍሏል። የድሮውን ቤት እያወደሱ ይህን መርሳት ግፍ ነው።

የቤቱ ሙቀት አዛዥም እናት ነበረች። ማታ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ትዳፍነዋለች። አመዱ አየር ስለሚነሳው ፍሙ ሳይጠፋም ሳይነድም ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ትጨምርበታለች። የጠፋባት እንደሆነ ከጎረቤት እሳት ትጭራለች። ለእንጀራ ቶሎ የሚነደውን ጭራሮ፣ ለወጥ ረጋ ብሎ የሚነደውን ኩበት ትመርጣለች። ምጣዱን በጎመን ዘር ስታስስ መጋሉን ከጭሱ ታውቃለች። አረቄ ስታወጣ ደግሞ ጥበቡ ይረቃል፦ እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርርና አረቄው ይበላሻል፤ ከደከመ እንፋሎቱ አይወጣም። ስለዚህ እንጨቱን እየሳበችና እየገፋች ሰዓታት ከእሳቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ስለ ነገሥታቱ ዘመቻ ብዙ ተጽፏል፤ ይህ እውቀት ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊ አላገኘም። ከታሪካችን ጉድለቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት የሙቀት መቆጣጠሪያዎች አንዱ የሠራውም ይህንኑ፣ አየር በመንሣት እሳትን መግዛትን፣ ነው። በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620 ገደማ፣ እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል እንቁላል የሚፈለፈልበት ምድጃ ሠራ። ሙቀቱ ሲጨምር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይሰፋና ሜርኩሪውን ይገፋል፤ ሜርኩሪው የአየር መግቢያውን ይከድናል፤ አየር ያጣው እሳትም ይበርዳል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ መግቢያው ተመልሶ ይከፈታል። የጎጃሟ እናት በአመድ ታደርግ የነበረውን ሜርኩሪ ያለ ሰው እጅ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1883 በአሜሪካ የዊስኮንሲን መምህር የነበረው ዋረን ጆንሰን ለኤሌክትሪክ ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አገኘ። ያነሣሣው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሙቀቱን ለማየት በየክፍሉ እየገባ ትምህርት ማቋረጡ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚኒያፖሊስ አልበርት ቡትስ የእቶኑን የአየር በር በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ አወጣ፤ አሁንም ጉዳዩ አየርና እሳት ነበር። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው ኔስት የተባለው ቴርሞስታት እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ላይ ዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጎግል ሠሪውን ኩባንያ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እነዚህ ሁሉ ግን የተሠሩት አንድ ማሞቂያ መላውን ሕንፃ ለሚያሞቅበት አገር ነው።

የጎጃም ቤት የተለወጠው በሌላ መንገድ ነው። ሳሩን ቆርቆሮ ተካው። ቆርቆሮ ዝናብ ይመልሳል፣ እሳትም አይፈራም፤ ነገር ግን ቀን ይግላል፣ ማታ ወዲያው ይቀዘቅዛል። መብራትም መጣ። የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከተለው፣ ከበለስ የተነሣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ተዘረጋ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ኃይሉ እንዲህ ሲያድግ በስልክ የሚታዘዝ ቤት መመኘት ተገቢ ነው፤ ሉማሜም ይገባታል። መጀመሪያው ግን ቴርሞስታቱ አይደለም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚልከው አብዛኛው ቴርሞስታት በ24 ቮልት የሚሠራ ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢገጠም ይቃጠላል፤ የሚያዝዘው የቤት ማሞቂያም የለም። ኤሌክትሪክ በገባበት ቤት ብዙ ኃይል የሚበሉት ምጣዱና ቦይለሩ ናቸው። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል፣ ማለትም ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ 10 አምፔር ብቻ በሚችል፣ በስልክ በሚታዘዝ ስማርት ሶኬት ላይ መሰካት አደጋ መጋበዝ ነው። ቦይለር ግን ውሃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ በሰዓት መታዘዝ ይስማማዋል፤ ሌሊት አጋማሽ ላይ ጠፍቶ ጎህ ሲቀድ ቢበራ ይበቃል።

ኔትወርኩም ይታሰብበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ የማይሠራ ዕቃ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋ የለውም። ያለ ኢንተርኔት፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ የሚታዘዘውን፣ በእጅም የሚበራና የሚጠፋውን መምረጥ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይሠራ፤ ሳሩ ይይዘው የነበረው አየር በዚያ ይመለሳል። ቀጥሎ ኤሌክትሪሻን ይጠራና የቦይለሩን መስመር የሽቦ ውፍረት፣ ብሬከሩንና ግራውንዱን ይመልከት። መቆጣጠሪያው የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።